የመከታው ቁመት

ለአባቴ፤

ጤንነትህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚንቋቋው ቀኝ ጉልበትህስ? ለወጉ ያህል የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ። ጉልበትህ መታጠፍ መቻሉን በእርግጥ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ትደርስበታለህ።

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆቱ የለብኝም፤ ደህናም አይደለሁም። እማዬ ግን ሥራ ጀምራለች። ሆቴሉ የሰጣት የሐዘን ፈቃድ ስላለቀ ተመልሳ አንሶላ ትተኩሳለች። ቤት ስትገባ አሁንም መጀመሪያ የምታየው ኮሪደሩን ነው። ጫማዬን መሀል ላይ ካገኘችው «መንገድ ዘጋህ እኮ!» ብላ ትቆጣኛለች። ለማን ነው መንገድ የምንለቀው ብዬ አልጠይቃትም። ጫማዬን አነሣለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስልክ ያልደወልኩልህ ሆን ብዬ ነው። ብደውልልህ «ሳይት ላይ ነኝ፣ በኋላ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ሦስት ነገር ነው ያዘዝከኝ። አንደኛ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ያለው የዊልቸር ቦታ በእቴቴ ስም ይሰየማል፤ የሰሌዳውን መሸፈኛ የምትገልጠው አንተ ነህና ንጹሕ ልብስ ለብሼ እንድገኝ። ሁለተኛ፣ ሰጎኗን፣ ያቺን የእህቴን አንገተ ረጅም ካሜራ፣ ወልውዬ እንዳመጣት፤ መግቢያው ላይ በመስታወት ሳጥን ትቀመጣለች ብለሃል። ሦስተኛ፣ «አባት ለልጁ ያለው ፍቅር» በሚል ርእስ ግማሽ ገጽ ጽፌ መድረክ ላይ እንዳነብ። «ጥሩ ትጽፋለህ ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለሃል። እንግዲህ ይኸው ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ግን አልበቃኝም።

ከየት ልጀምር ብዬ ብዙ አሰብኩ። ከክርንህ ልጀምር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ «ና፣ ሥራ ምን እንደሚመስል እይ» ብለህ ሳይት ወስደኸኝ ነበር። አዳራሹ ገና ጣሪያ አልነበረውም። እኔ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ዳቦ እበላለሁ። አንተ «ቁጭ ያለ ሰው ማየት አልወድም!» እያልክ ሠራተኞቹን ታሯሩጣለህ። ምሳህን እንኳ የበላኸው ቆመህ ነው። ግንበኛው ከላይ ሆኖ «ፎርማን፣ የዚህ የዊልቸር ቦታ መከታው ስንት ይሁን?» ብሎ ጮኸ። ስልክ እያወራህ ነበር። ሳትዘጋው ወጣህና ክርንህን መስኮት ላይ እንደተደገፈ ሰው አየር ላይ አስደግፈህ፣ «ሰው ደገፍ ብሎ የሚያይበት ይሁን» አልከው። ሰውዬው ሜትሩን ከወለሉ እስከ ክርንህ ዘረጋ። አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት። «በለው» አልክና ወደ ስልክህ ተመለስክ።

ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ክርኑን ምን ላይ ነው የሚደገፈው? ሌላ ፎርማን ቢሳሳት ከየት ያውቃል እንላለን። አንተ ግን ዊልቸር የምትገፋ ልጅ ያሳደግክ ሰው ነህ። በእርግጥ እኔም እዚያው ነበርኩ። ዳቦዬን እያኘክሁ ክርንህን አይቼዋለሁ፤ ምንም አልታየኝም። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሰበብ ግን አላደርገውም።

የአዳራሹ ምረቃ ቀን እቴቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የታክሲ ጥሪ የምትቀበልበት ቢሮ ሾፌሮች እኔ ልውሰዳት፣ እኔ ልውሰዳት ተባብለው ዕጣ አወጡ። መወጣጫውን ራሷ እየገፋች ወጣችው። መወጣጫው ጥሩ ነው፤ ልክድህ አልችልም። ከኋላ ማንም ሳይነካት አናቱ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «አየህ? ፎርማኑ እኔን አስቦ ነው የሠራው» አለችኝ። ከጀርባህ ፎርማኑ እንደምንልህ ታውቅ ነበር?

ከዚያ ቦታዋ ላይ ደረሰች። ዊልቸሯ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗ ከወለሉ አንድ ሜትር ከስድስት ነው፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። ፊት ለፊቷ ያለው ግንብ ብቻ ነበር። ግራጫ ልስን፣ መሀሉ ላይ አንድ የተጣመመ ጭረት። መከታው የሚበልጣት በዘጠኝ ሳንቲም ነው፤ መድረኩ ግን ወደ ታች ስለሆነ ብትንጠራራም የምታገኘው የጣሪያውን መብራት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልስን አየች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቴአትሩን እነግራታለሁ፤ አሁን ባልየው ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሚስትየዋ ጀርባዋን ሰጠችው እያልኩ። ከታችኛው ረድፍ አንድ ሰውዬ ዞሮ «ሬዲዮ ነው እንዴ የያዛችሁት? ዝጉት እንጂ!» አለን። እቴቴ አፏን በሁለት እጇ አፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እውነቱን ነው፤ ድምፅህን ቀንስ፣ ጣቢያውንም አስተካክል» አለችኝ።

ሲያልቅ መጣህ። እንኳን ደስ አለህ የሚሉህ ሰዎች ከኋላህ ተኮልኩለዋል። መከታውን በመዳፍህ ሁለቴ መታ መታ አደረግክና «እንዴት ነው ቦታሽ?» አልካት። «ያምራል አባዬ፤ ሁሉም ነገር ይታያል» አለችህ። ፈገግ ብለህ ሄድክ።

ቤት ስንገባ ለምን ዋሸሽ ብዬ ጮኽኩባት። ያ ሁሉ ሰው እጁን ሲጨብጠው አላየህም ወይ፣ ቀኑ የእሱ ነው፣ አታበላሽበት አለችኝ። ደግሞ ቆየት ብላ፣ «አባት መከታ ነው ይባል የለ? የእኔ አባት በዚህስ አይታማም» አለችና ብቻዋን ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሰጎኗን የሠራኋት ከዚያ በኋላ ነው። አንገቷ የተሰበረ የካሜራ ማቆሚያ አንድ እግር ነው፤ ሲስቡት ይረዝማል። ጭንቅላቷ የእማዬ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ወዲያና ወዲህ የሚያዞራት ሞተር ከአሻንጉሊት መኪና የወጣ ነው። ከዊልቸሩ መደገፊያ ጋር ያያዝኳት በጠረጴዛ መብራት መቆንጠጫ ሲሆን፣ ካሜራዋ ከላይ ያየችውን እቴቴ ጭኗ ላይ ባለው ታብሌት ታያለች። ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። «አንገቷ ረጅም፣ መብረር የማትችል። ዘመዴ ናት» አለች።

መጀመሪያ ያየችው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የፍሪጃችንን አናት። «እማዬ! ለካ ብስኩቱን የምትደብቂው እዚህ ነው!» ብላ ስትጮህ እማዬ የያዘችውን ድስት ልትለቀው ነበር። ክሊኒክ ስንሄድ ደግሞ ለስድስት ዓመት ከመስኮቱ በላይ በድምፁ ብቻ የምታውቀውን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ፊቱን አየችው። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሽማግሌ ይመስላት ነበር። «ልጅ ነው እኮ! ያውም መልከ መልካም!» አለችኝ፤ ሰውዬው ሰምቶ ካርዷን ገልብጦ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ትርኢት አምልጧት አያውቅም።

አንተ ጋ የደወልኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሰጎኗን ከመሥራቴ በፊት ነበር። መከታው ይቆረጥ፣ ምንም አይታያትም አልኩህ። እሷ ራሷ ያምራል ብላኛለች አልከኝ። ዋሽታህ ነው ስልህ፣ «ሲሚንቶ እኮ ኬክ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይቆረጥም። እድሳት ሲመጣ እናየዋለን» አልክ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ልትል አትችልም።

ሁለተኛው ጊዜ ስለ ሰጎኗ ከእማዬ ሰምተህ ነበር። ሳቅክ። «ታዲያ ችግሩ ተፈታ አይደል? ጎበዝ! የእኔ ልጅ!» አልከኝ።

ያን ቀን ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «የእኔ ልጅ» ስላልከኝ ሳይሆን፣ ለምን እንዳልከኝ ሳይገባኝ ስለተደሰትኩ። ሰጎኗን ለእቴቴ የሠራሁ መስሎኝ ለካ ለአንተ ግንብ ነው የሠራሁት። እሷ በመሣሪያ ማየት ስለቻለች ግንቡ ሳይነካ ቀረ።

እዚያ ቦታ የምትቀመጠው ደግሞ እሷ ብቻ አልነበረችም። አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ አለ፤ እንደ እሷ ዊልቸር የሚጠቀም፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ሰው። የመጀመሪያ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ልስኑን ሲያይ ቆየና፣ «የእኔ ልጅ፣ አርባ ዓመት በየሰው በር ቆሜያለሁ። እንደዚህ ያለ የማይከፈት በር ግን አላጋጠመኝም» አላት። ታብሌቷን በሁለቱ መካከል አደረገችው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንገታቸውን አንድ ላይ ደፍተው ነው የሚያዩት፤ እሱ መነጽሩን እየረሳ የእሷን ይዋሳል። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሮ «ለሌሎቻችንስ ሰጎን የሚፈለፍልልን ማን ነው?» አለኝ። ፈተና ላይ ነኝ፣ በኋላ አልኩት። አነጋገሬ ያንተን ይመስል ነበር።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልጽፍም። የሳንባዋን ሕመም እንደማትረታው ሐኪሟ አስቀድማ ነግራናለች፤ በዚያ አልከስህም። ሦስት ሳምንት ተኛች፤ አንድ ቀን መጣህ። ወንበር አቀረብኩልህ። «አይ፣ እሄዳለሁ» አልክ። ሃያ ደቂቃ ከአልጋው ግርጌ ቆመህ አወራሃት፤ ሃያ ደቂቃ ትራስዋ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ላይ አየችህ። ስትወጣ አንገቴን እሸኝ አለችኝ። ስቅ ስቅ እያልኩ አሸኋት፤ እሷ ደግሞ ኮትህ አዲስ ነው አይደል ትለኛለች።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ። መበቀል እፈልጋለሁ። ቃሉን የጻፍኩት አስቤበት ነው።

ያለፈው ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ዊልቸሯን እየገፋሁ አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። ባዶ ዊልቸር የሚገፋ ልጅ መንገዱ ሁሉ ያየዋል። ኃላፊዋ ቢሮዋ ነበረች፤ ያቺ የቁልፍ ዘለላ ወገቧ ላይ የምታንሿሿው ሴትዮ። አንድ ደቂቃ ብቻ እዚያ ቦታ ላይ በዚህ ወንበር ይቀመጡልኝ አልኳት። «ሟርት አይሁንብኝ እንጂ» አለች፤ ግን ተቀመጠች። እኔ ወርጄ መድረኩ ላይ ወጣሁና ሁለት እጄን እያወናጨፍኩ ዘለልኩ። ከላይ «በል እንጂ፣ ጀምር!» የሚል ድምፅ መጣ። ጀምሬያለሁ አልኳት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቁልፎቿም አልተሰሙም።

ተመልሼ ስወጣ አልተነሣችም። «ይሄን የለካው ማን ነው?» አለችኝ። የክርንህን ነገር ነገርኳት። እሷ ሰው ሁሉ ቦታውን ሲያመሰግን ስለሰማች ደህና መስሏት፣ ሰጎኗም የቴአትር መነጽር ነገር መስላት ነበር። ስለዚህ የሚከተለውን ተስማማን።

ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ ያቀረብከው ቃል «አባቷ በፍቅር የሠራላት ቦታ» የሚል ነው። አንድ ፊደል አላስነካሁም። የቀየርነው የሚለጠፍበትን ቦታ ነው። በውጭ በኩል ሳይሆን በመከታው የውስጥ ገጽ፣ ዊልቸር ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል ይለጠፋል። ስለዚህ መሸፈኛውን ቆመህ ልትገልጠው አትችልም። የእቴቴ ዊልቸር ከፊቱ ይጠብቅሃል። ጉልበትህን የጠየቅኩህ ለዚህ ነው።

በግራና በቀኝህ ፖስተኛውን ጨምሮ ከዊልቸር ተጠቃሚዎች ማኅበር ዘጠኝ ሰዎች በየዊልቸራቸው ይሆናሉ። መሸፈኛውን ትገልጣለህ፤ ስምህን ሳይሆን ሥራህን ታነባለህ። ከዚያ እኔ መድረክ ላይ እወጣለሁ። ግማሽ ገጽ አላነብም፤ አንድም ቃል አልናገርም። እቴቴ እንዴት እንደምትስቅ፣ ስልክ ስታነሣ ሾፌሮቹን እንዴት እንደምትቆጣ፣ መወጣጫውን እንዴት እንደወጣች በእጄና በፊቴ አሳያለሁ። ታች ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ይስቃሉ፤ የሚያለቅስም ይኖራል። አንተ ልስኑን እያየህ ምን ሆኖ ነው፣ ምን እያደረገ ነው ትላለህ። ዘጠኙም አያውቁም። የሚነግርህ ሰው አጠገብህ አላቆምኩም።

ሰጎኗን አታገኛትም። ለፖስተኛው ልሰጣት ነው፤ ቅዳሜ ግን ቤቱ ትቷት ይመጣል፤ የመስታወቱ ሳጥን ባዶውን ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ለምን አስቀድሜ እንደነገርኩህ ትጠይቅ ይሆናል። ሳታውቅ መጥተህ ብትቀመጥ ሰው ያዝንልሃል፤ ልጁ ተንኮለኛ ነው ይላሉ። እንዲታዘንልህ አልፈልግም። አውቀህ እንድትመጣ ነው የምፈልገው። አውቀህ ከቀረህም ለምን እንደቀረህ እኔና አንተ እናውቃለን።

ሌላ መንገድም አለ። ያን ክርንህን የለካውን ግንበኛ ፈልጌ አገኘሁት። ሲሚንቶ ኬክ አይደለም ስላልከኝ ጠየቅኩት። «ባለ ዲስክ መቁረጫው ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከላይ ቀጭን ብረት ታስሮለት ያልቃል» አለኝ። ኃላፊዋም ፈቅዳለች። ግን ግንበኛው «ፎርማኑ መጥቶ በአፉ ካላዘዘኝ አልነካውም፤ በእሱ ልክ ነው የሠራሁት» ብሏል። ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መቁረጫውን ይዞ እዚያ ነው። ወንበሯ ላይ ተቀምጠህ፣ ከዓይንህ በታች በእጅህ አሳይተህ፣ እዚህ ጋ ቁረጠው ልትለው ትችላለህ። ያን ካደረግክ ቅዳሜ ቆመህ የምትገልጠውን ሰሌዳ እኔ ራሴ በውጭ በኩል እለጥፍልሃለሁ። እዘጋጅበታለሁ ግን አልጠብቀውም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ትናንት ግን ሰጎኗን ለፖስተኛው ከመስጠቴ በፊት እንዳዘዝከኝ ስወለውላት ከስልኩ ውስጥ ሜሞሪ ካርድ አገኘሁ። እቴቴ ትቀርጽ እንደነበር አላውቅም ነበር። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አዳራሹን ለሠሩት ሰዎች ምስጋና የቀረበበት፣ አንተም የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የተቀመጥክበት ቀን ነው። እኔ ፈተና ስለነበረብኝ ብቻዋን ነበር የሄደችው።

ርዝመቱ አርባ አንድ ደቂቃ ነው። ሙዚቃ ይሰማል፤ ጭብጨባ ይሰማል። ማን እንደዘፈነ ግን ከቅጂው ማወቅ አይቻልም፤ መድረኩ የለበትም። ያለው የአንድ ሰው ማጅራት ነው። ጸጉሩ መሀል ላይ ሳስቷል፤ የኮቱ ኮሌታ በግራ በኩል ተገልብጧል። ሰውዬው ሲስቅ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ኮሌታውን ሊያስተካክል እጁን ወደ ቀኝ ሲልክ፣ ቀስ ያለ የሴት ድምፅ «በግራ ነው፣ በግራ» ይላል። ከዚያ እጁን ያወርዳል፤ ኮሌታው እንደተገለበጠ ይቀራል።

ሞተሩ ተበላሽቶ አንድ ቦታ ተቸክሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፈትቼ ሞከርኩት። ደህና ነው፤ ወደ ፈለጉበት ይዞራል።

ካርዱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ግን የእኔ ፊት ስለሌለበት የእኔ አይደለም። ከላይ ከጻፍኩት አንዲት ቃል አልሰረዝኩም።

ይህ ፖስታ እስከ ሐሙስ እንደሚደርስህ ጡረተኛው ፖስተኛ በጢሙ ምሎልኛል። መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ፤ ዓይንህን ይጠብቅልህ። ዕድሜህንም ያርዝምልህ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ያየኸውን በቶሎ የሚያስረሳህ አጭር ዕድሜ እንዲሰጥህ አልፈልግም።

የልጅህ ወንድም